ጉማሬ ለማሳየት ማኅበር ስታቋቁሙ ከጀልባው በፊት የማሳውን ሒሳብ ጨርሱ

ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ፣ ከባሕር ዳር ብዙም በማትርቅ ደሴት ላይ የጉማሬ ጉብኝት ሥራ ሳስጀምር ስለ ጀልባና ስለ ደረሰኝ ያልመከረኝ አልነበረም። ማሳው ስለሚበላበት ገበሬ ግን ማንም አላነሣልኝም።

ምዝገባው ደንብ፣ የአባላት ዝርዝርና የባንክ ሒሳብ ነው፤ ያጉላላል እንጂ ያልቃል። ጉዞው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ይሁን፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ማዕበል ያነሣል። በደንገል ታንኳ ጎብኚ ወደ ጉማሬ አትውሰዱ፤ ደንገሉ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ቶሎ አይዞርም። ጉማሬ እስከ 5 ደቂቃ ጠልቆ ስለሚቆይ ሞተሩን ከሩቅ አጥፉና የሁሉም ራስ እስኪወጣ ጠብቁ። ግልገል ካያችሁ ተመለሱ፤ ወደ ጥልቁ የሚሸሽበትንም አትዝጉ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። የመጣልን ባለሙያ «ገቢው በሙሉ አንድ ሒሳብ ይግባ፣ ትርፉ በሰኔ ይከፋፈል» አለ። ወረቀት ላይ ያምራል። ጣና ከመስከረም በኋላ ሲሸሽ ግን ገበሬው ባሕር ሸሹን መሬት ያርሳል፣ ጉማሬውም ማታ ማታ ይወጣል። በአንድ ሌሊት 40 ኪሎ ገደማ ሣር የሚበላ እንስሳ ለጋ በቆሎ ላይ ሲያድር አስቡት። ሰውየው ማሳው በታኅሣሥ ተበልቶበት፣ ባለ ጀልባው በየማለዳው ሲቀበል እያየ እስከ ሰኔ ይጠብቅ? ጦር ቢያነሣ ምን ይገርማል? ይህን ስናስረዳ የተመለሰልን «መመሪያው ላይ ካሣ የሚል አንቀጽ የለም» ነው። ጉማሬውም መመሪያውን አላነበበም።

ስለዚህ የእያንዳንዱ ቲኬት ሩብ፣ ባለ ጀልባውና አስጎብኚው ሳይነኩት፣ ማሳው ለተበላበት ካሣ ለብቻው ይቀመጥ። በደንቡ ላይ በሥራ ማስኬጃ አስገቡት፤ ከትርፍ ጋር ካያያዛችሁት እስከ ሰኔ ይታሰራል።

ጉዳቱ በዚያው ጠዋት፣ ከብት ሳይገባበት ይታይ። የሚያዩት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ አንድ የማሳ ጎረቤት፣ አንድ ዓሣ አስጋሪ፣ አንድ ባለ ጀልባ፤ ዘመድ አይግባ። ይህን አሠራር ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ እኮራበታለሁ። የጉማሬ ዱካ አራት ጣት አለው፣ የበሬ ሁለት። በሬውን ለቅቆ በጉማሬ የሚያሳብብ አይጠፋምና ዱካው ሳይታይ አትክፈሉ። የተበላውን በገመድ ለኩ፤ ሳምንቱ ሳያልቅ በቆሎውን በበቆሎ መልሱ። ጥሬ ብር ከሰጣችሁ የገበያ ዋጋ ክርክር ያደክማችኋል።

ጉማሬ በለመደው መንገድ ይመላለሳልና መንገዱ ሳይዘራ ይተው፤ ተነግሮት እዚያ ላይ ለዘራ አይከፈልም። በቀረው ዳር ቦይ ቆፍሩ። ጉማሬ አይዘልም፤ ግን የቦዩ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ካልቆመ ይወጣዋል። የጣና ዳር አፈር በክረምት ስለሚናድ በየዓመቱ ከዘር በፊት እንደገና ይቆረጥ፣ የቆፋሪው ዋጋም ከዚያው ከሩቡ ይውጣ።

መረብ የተቀደደበትም ይመጣል። ጉማሬው በሚውልበት ቦታ ለዘረጋ አንከፍልም። ባርባስ የሚባለው ዓሣ በክረምት ለመራባት ወደ ጣና ገባር ወንዞች፣ ወደ ጉማራና ወደ ርብ፣ ሲወጣ የወንዙን አፍ በመረብ ለዘጋ ደግሞ ከነጭራሹ አቤቱታውን አንሰማም፤ አስጋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው ይህን በደንቡ ያስገቡት።