ቁጥሩ ሲያድግ ስልኩ ዝም አለ

የቢሮ ጠረጴዛና መደርደሪያ በትእዛዝ የሚሠራ አንድ አነስተኛ ድርጅት የቀጠረኝ ለሒሳብ ሥራ ነበር። የድረ ገጹና የማስታወቂያው ጉዳይ የተደረበብኝ ግን ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው። «ቁጥር ለምደሃል፤ ይህም ቁጥር ነው» አሉኝ ሥራ አስኪያጁ። አልተከራከርኩም። እንዲያውም ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ ሱስ ሆነብኝ። ጠዋት ወንበሬ ላይ ከመቀመጤ የድረ ገጽ ጎብኚ የሚቆጥረውን ጉግል አናሊቲክስን እከፍታለሁ፤ ትናንት ስንት ሰው ገብቶ ኖሯል? መስመሩ ወደ ላይ ከወጣ ቀኔ ይፈካል፤ ከወረደ ከሰው ጋር መነጋገር ያስጠላኛል።

በወሩ መጨረሻ ጎብኚዎቻችን ከየት እንደመጡ የሚያሳይ ሠንጠረዥ አዘጋጀሁ። ከላይ የተቀመጠው በገንዘብ የምናስነግረው ማስታወቂያ ነው፤ ቀጥሎ «ቀጥታ» የሚባል ወፍራም ረድፍ፤ ከዚያ የጉግል ፍለጋ። ቴሌግራም ከታች፣ ከቁጥር የማይገባ ሆኖ ተቀምጧል።

ይህ ነገር ዓይኔን ሳበው። ምክንያቱም ስልክ የምትቀበለው ባልደረባችን በየሳምንቱ ግማሽ ቀን ሙሉ ወደ ወርክሾፑ ወርዳ ተሠርተው ያለቁ ዕቃዎችን ፎቶ ታነሣለች፣ ትጽፋለች፣ ከድረ ገጹ ሊንክ ጋር በቴሌግራም ትልካለች። ለዜሮ ይህን ያህል ድካም! ለሥራ አስኪያጁ ነገርኳቸው፤ «አንተ ካልክ ይቅር» አሉ። ለእሷ የነገርኳት እኔ ነኝ፤ ያውም ሠንጠረዡን እያሳየሁ፣ እንደ መምህር። ምንም አልመለሰችም። የማስታወቂያውንም በጀት ከፍ አደረግን።

በቀጣዩ ወር መስመሩ ተስፈነጠረ። ግራፉን በቀለም አትሜ ይዤ ገባሁ። ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አድርገው አገላበጡት፣ አደነቁትም። ከዚያ ወረቀቱን አስቀምጠው፣ «ታዲያ ልጄ፣ ስልኩ ምነው ዝም አለ?» አሉኝ።

«ገበያው ቀዝቅዞ ይሆናል» አልኩ። ይህን ስል በር ላይ ቆማ የነበረችው ባልደረባዬ ወጣችና አንድ የተጎሳቆለ ደብተር ይዛ ተመለሰች። ከተቀጠረችበት ቀን ጀምሮ የደወለውን ሰው ሁሉ ጽፋ ኖሯል፤ ቀኑን፣ የፈለገውን ዕቃ፣ በመጨረሻም «ከየት ሰሙ?» የሚለውን። ማንም አላዘዛትም። ገጾቹን ስገልጥ «ጓደኛዬ በቴሌግራም ልኮልኝ»፣ «ቴሌግራም ላይ ፎቶውን አይቼ»፣ «የቢሮው ጸሐፊ አስተላልፋልኝ» የሚል ቃል ተደጋግሟል። ፎቶው ከቆመበት ሳምንት በኋላ ገጹ ሳስቷል፤ በአንዳንዱ ቀን አንድ መስመር ብቻ።

ያን ቀን አምሽቼ ሳጠና የገባኝ ነገር ይኸውና። አንድ ሰው ከአንድ ገጽ ወደ ሌላ ገጽ በሊንክ ሲሻገር፣ አሳሹ (ብራውዘሩ) «ከዚህ ነው የመጣሁት» የሚል ምልክት ለአዲሱ ገጽ ይሰጣል። ሪፈረር ይባላል። (በእንግሊዝኛው ሲጻፍ አንድ ፊደል የጎደለበት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው፣ አሳሽና ድረ ገጽ የሚነጋገሩበትን ደንብ በያዘው የኤችቲቲፒ ሰነድ ውስጥ እንደዚያው ገብቶ እስከ ዛሬ አልታረመም። ዓለም የተማመነበት ነገር በፊደል ስህተት እንደሚኖር ማወቄ ያን ማታ ትንሽ አጽናንቶኛል።) እንደ ቴሌግራም ካለ የስልክ መተግበሪያ ሲመጣ ግን ይህ ምልክት ብዙ ጊዜ አብሮ አይደርስም። መለኪያው ምንጩን ካላወቀ «ቀጥታ» ከሚለው ረድፍ ይጨምረዋል። እኔ ስማችንን የሚያውቁ ሰዎች አድራሻችንን በእጃቸው ጽፈው የገቡ መስሎኝ የኮራሁበት ወፍራም ረድፍ፣ በአብዛኛው የባልደረባዬ ድካም ነበር።

ቴሌግራሙ ቆሞ ጎብኚው ለምን ጨመረ? እዚህ ላይ ፊቴ ቀላ። አንደኛው ጎብኚ እኛው ነን። በዚያው ወር የቢሮውንና የወርክሾፑን ኮምፒውተሮች ሳስተካክል፣ አሳሹ ሲከፈት ቀድሞ የሚመጣው የራሳችን ድረ ገጽ እንዲሆን አድርጌ ነበር። ሰው ሳይነካው 30 ደቂቃ ካለፈ ቀጣዩ እንቅስቃሴ እንደ አዲስ ጉብኝት ይቆጠራል፤ ሠራተኛው ከዚያ በላይ ቆይቶ አሳሹን በከፈተ ቁጥር ግራፌ ያድጋል። ሌላው ማስታወቂያው ነው። ማስታወቂያው ከመምጣቱ በፊት ሰዎቹ በፍለጋ ላይ የጻፏቸውን ቃላት ዝርዝር ለመጀመሪያ ጊዜ ስከፍት፣ ብዙዎቹ ጠረጴዛ በቤታቸው ራሳቸው መሥራት የሚፈልጉ ሆነው አገኘኋቸው። ገብተው፣ ዋጋ እንጂ ንድፍ እንደሌለን አይተው፣ ወዲያው ወጥተዋል። አናሊቲክስ ራሱ አንድን ጉብኝት ቁም ነገር ያለው የሚለው ከ10 ሰከንድ በላይ ሲቆይ፣ ወይም ሁለት ገጽ ሲታይ፣ ወይም እኛ ቁልፍ ነው ያልነው ድርጊት ሲፈጸም ነው። ይህ ቁጥር ከመጀመሪያው እዚያው ነበር፤ እኔ የምወደው ትልቁን ቁጥር ስለነበር ዝቅ ብዬ አላየሁትም።

ማስተካከሉም ያለ ስህተት አልሄደም። በምንልካቸው ሊንኮች ጫፍ ላይ ምንጩን የሚናገር ዩቲኤም የሚባል ጭራ መጨመር ጀመርን። «ዩ» የተባለችው ፊደል ኧርቺን ከተባለው፣ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2005 ከገዛው ድርጅት የቀረች ናት። እኔ የቴሌግራምን ስም በትንሽ ፊደል ስጀምር ባልደረባዬ በትልቅ ትጀምራለች፤ በሪፖርቱ ውስጥ ሁለት ቴሌግራሞች በቀሉ። ለመለኪያው እነዚህ የተለያዩ ቃላት ናቸው። የቢሯችንን ኮምፒውተሮች ከቆጠራው የሚያስወጣ ማጣሪያም ሠራሁ፤ ሁለት ሳምንት ጠብቄ ምንም ለውጥ ሳጣ፣ ማጣሪያው ሲፈጠር በሙከራ ላይ እንጂ በሥራ ላይ እንደማይሆን፣ እኔው ገብቼ ማንቃት እንደነበረብኝ ተረዳሁ። ያለፈውን ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሶ አያጸዳም። ያ በቀለም የታተመ ግራፍ እንደ ቆሸሸ ይኖራል።

ትልቁ ጉድለት ግን የደንበኞቻችንን ጠባይ አለማስተዋሌ ነበር። እኔ የምቆጥረው የዋጋ መጠየቂያ ቅጽ ሞልተው የላኩትን ብቻ ነው። የእኛ ሰው ግን ቅጽ አይሞላም፤ ገጹን በስልኩ ይከፍትና የስልክ ቁጥራችንን ይነካል። ይህንን ንክኪ ቁልፍ ድርጊት ብዬ እስክመዘግበው ድረስ፣ ደንበኛ ሊሆን እጁን የዘረጋው ሰው በእኔ ዘንድ ዝም ብሎ ገብቶ የወጣ ነበር።

ባልደረባዬን ይቅርታ ጠየቅኳት። «ፎቶውን ልጀምር ነው ወይስ በሠንጠረዥ ታሳየኛለህ?» አለችኝ። የሥራዬን አገኘሁ። ማስታወቂያውን አልዘጋነውም፤ ራሳቸው መሥራት የሚፈልጉትን የሚያመጡትን ቃላት አስወጣንና በጀቱን ወደ ቀድሞው መለስን። ጎብኚው ቀነሰ። ሥራ አስኪያጁ የወረደውን መስመር አይተው አንዴ ቀና ብለው አዩኝ፤ በዚያው ቅጽበት ከውጭ ስልኩ ሲጮኽ ተሰማ፣ ወረቀቱንም መልሰው ሰጡኝ።

አሁን በወሩ መጨረሻ ሪፖርቱንና ደብተሩን ጎን ለጎን አድርገን እናነባለን። ሙሉ በሙሉ ገጥመው አያውቁም። ባለፈው ጊዜ ከሁሉ ትልቁን ትእዛዝ ያመጣው ሰው አጠገብ በእጇ የጻፈችው «ወንድሙ ቢሮ ውስጥ መደርደሪያችንን አይቶ» የሚል ነው። ድረ ገጻችንን ከፍቶ አያውቅም።