ብድሩ መቼ ነው የሚመለሰው?

ባለፈው ሳምንት ሁለተኛ ክፍል ልጆቼን "እስቲ አስራ ሶስት ብላችሁ ጻፉ" ብዬ በየዴስኩ ስዞር ሶስት አይነት መልስ አገኘሁ። አብዛኞቹ 13 ብለዋል፣ አንዷ 31፣ አንዱ ደግሞ 103። ማስተማር የጀመርኩ ሰሞን ቢሆን ሁለቱን በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አድርጌ ነበር የማልፈው፣ አሁን ግን እንደዚ አይነት ስህተት ሳይ ልጁ ምን ሰምቶ ምን አስቦ እንደጻፈ ሳልጠይቅ ማለፍ አልችልም።

31 የጻፈችው ልጅ ቤት ውስጥ የሚወራው ሶማሊኛ ነው። በሶማሊኛ አስራ ሶስት "ሰደሕ ኢዮ ቶበን" ነው የሚባለው፣ ማለትም ሶስት እና አስር፣ ሶስቱ ነው የሚቀድመው። ልጅቷ በጆሮዋ የለመደችውን ቅደም ተከተል ነው የጻፈችው። 103 የጻፈው ደግሞ አስራ ሲባል 10 ጻፈ፣ ሶስት ሲባል 3 ከጎኑ አስቀመጠ፣ አለቀ። እንደውም በግዕዝ ቁጥር ቢሆን ኖሮ ልክ ነበር እኮ! ፲፫ ማለት አስርን ጽፎ ሶስትን ከጎኑ ማስቀመጥ ነው፣ የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፣ የቦታ ዋጋ የሚባለውም ነገር (አሃዙ እንደተቀመጠበት ቦታ ዋጋው መለወጡ) እንደዚኛው አይሰራም። ስለዚ ሁለቱም ልጆች ጭንቅላታቸው በደንብ እየሰራ ነው፣ የጎደላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ በ13 ውስጥ ያለችው 1 አንድ ሳትሆን አንድ የታሰረ አስር መሆኗን በአይናቸው አላዩም፣ በእጃቸውም አልያዙም።

እኔ ድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ ነው የማስተምረው፣ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል፣ ዘንድሮ 54 ልጆች አሉኝ። ብዙ ወላጅ ልጁ እስከ መቶ በቃሉ ሲቆጥር ቁጥር የቻለ ይመስለዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር። ግን እስከ መቶ በቃሉ የሚወርደው ልጅ ፊት 17 ቆርኪ በትናችሁ "ስንት ነው?" በሉት፣ አንዱን ሁለቴ ይነካል፣ አንዱን ይዘላል፣ አፉና ጣቱ አይገናኙም። በቃሉ የያዘው እንደ መዝሙር ነው።

ስለዚ ምን አደርጋለሁ መሰላችሁ። ግቢያችን ውስጥ ኒም ዛፍ አለ (ድሬ ውስጥ የት ነው የሌለው)፣ ቅጠሉ ሲረግፍ ቀጭን እንጨቱ ይቀራል፣ እሱን ልጆቹ ራሳቸው ይለቅማሉ፣ እኩል እኩል እንሰብረዋለን። ካለቀብን ስንጥር፣ ክብሪት እንጨት፣ ያገለገለ ስትሮም ይሆናል። ከዛ የብር ማሰሪያ ላስቲክ እሰጣቸዋለሁ፣ አስር ቆጥረው ያስራሉ። አደራ የምላችሁ እዚህ ጋ ነው፣ ለልጁ አስራችሁ አትስጡት! መጀመሪያ አመት እኔ ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሁሉንም አስሬ ወስጄላቸው ነበር፣ ልጆቹ እስሩን እንደ አንድ እቃ ነው ያዩት፣ "ይሄ ስንት ነው?" ስላቸው "አንድ" ይሉኛል። ራሱ ቆጥሮ ያሰረ ልጅ ግን ውስጡ አስር እንዳለ ያምናል፣ ቢጠራጠርም ይፈታውና ይቆጥረዋል።

ከዛ አንድ ወረቀት መሀሉን በመስመር እንከፍላለን፣ ግራው የእስር ቤት፣ እኔ ሳልሆን ልጆቹ ናቸው ያወጡለት ስሙን፣ ቀኙ የነጠላ ቤት። ያቺ 31 የጻፈችውን ልጅ "የጻፍሽውን በእንጨት ስሪልኝ" አልኳት፣ ሶስት እስር ግራ ላይ አስቀመጠች፣ አንድ ነጠላ ቀኝ ላይ፣ አየችው፣ አየችው፣ "ቲቸር ይሄ በዛ" አለችኝ። ራሷ ነች ያስተካከለችው። ከዛ ጓደኞቿ በየቋንቋቸው ያንኑ እንጨት ቆጠሩት፣ አንዱ አስራ ሶስት፣ አንዷ በኦሮምኛ ኩዳ ሰዲ፣ እሷ ሰደሕ ኢዮ ቶበን። አፍ ላይ ማን ይቅደም ማን እንጨቱ ያው ነው፣ ቁጥር ሲጻፍ ደግሞ እስሩ ሁሌ ግራ ነው። ድሬ ላይ የሚያስተምር ሰው ይሄን ቢያስብበት ደስ ይለኛል፣ አንድ ክፍል ውስጥ በሶስት ቋንቋ የሚቆጥሩ ልጆች ናቸው የሚቀመጡት።

አሁን ወደ መቀነስ ልምጣ ምክንያቱም ልጆች ሂሳብ መጥላት የሚጀምሩት እዚህ ጋ ነው። 52 ሲቀነስ 27። ግማሹ ክፍል 35 ይላል፣ ከ2 ላይ 7 ስለማይቀነስ ገልብጠው ከ7 ላይ 2 ይቀንሳሉ። እኛ የተማርነው "ከጎረቤት ተበደር" ተብሎ ነው አይደል? እኔም እንደዛ ሳስተምር አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ "ቲቸር ብድሩ መቼ ነው የሚመለሰው?" አለኝ። ክፍሉ ሳቀ፣ እኔ ግን መልስ አልነበረኝም። ልክ እኮ ነው! ተበድሮ የማይመልስ ሰው ሌላ ስም ነው ያለው። ቃሉ ራሱ ልጁን ያሳስተዋል፣ ምንም ነገር አልተበደርንም፣ የራሳችንን አስር ነው የዘረዘርነው።

ከዛን ቀን ጀምሮ ብድር የሚለውን ቃል ትቼ "እስሩን ፍታው" ነው የምለው። አምስት እስር ሁለት ነጠላ ይዘሃል፣ ሰባት ነጠላ ስጠኝ፣ የለህም፣ እንግዲያው አንዱን እስር ፍታ። ላስቲኩን ያወልቃል፣ አስሩ እንጨት ነጠላ ቤት ይፈሳል፣ አሁን አራት እስር አስራ ሁለት ነጠላ አለው፣ ሰባቱን ይሰጠኛል አምስት ይቀረዋል፣ ሁለት እስር ይሰጠኛል ሁለት ይቀረዋል፣ 25። ሂሳብ "መፍታት" የምንለው ቃል እዚህ ጋ ቃል በቃል ሲሆን ማየት በጣም ነው ደስ የሚለው። መደመር ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ "አምስት ጽፈን አንድ እንይዛለን" ከማለት ነጠላው አስር ሲሞላ "እሰረው" ነው።

እንቁላል ካርቶን አትጣሉ። ሰላሳ የሚይዘው ካርቶን 6 በ5 ነው፣ ሁለት ሁለት ረድፍ አድርጋችሁ ስትቆርጡት ሶስት ባለ አስር ቤት ይወጣዋል፣ እያንዳንዱ አምስት ላይ አምስት ታች። 8 እና 5 ለመደመር አንዱ ላይ 8 ቆርኪ ይሞላል፣ ሌላው ላይ 5፣ ልጁ ራሱ ሳይነገረው ከአምስቱ ሁለት አንስቶ ባዶዎቹን ይደፍናል፣ አስርና ሶስት። በጣት ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አስር እያሉ ከመሄድ ወደ አስር ሞልቶ ማሰብ የሚሻገሩት በዚ ነው፣ እኔ ክፍል ውስጥ ከዚ የበለጠ የሰራ ነገር አላየሁም። ያልተቆረጠው ደግሞ ለማባዛት ይሆናል፣ ስድስት ረድፍ በአምስት፣ ካርቶኑን አዙሩት አምስት ረድፍ በስድስት፣ አንድም እንቁላል አልተጨመረም አልተቀነሰም። ሰንጠረዡን ግማሽ ብቻ መሸምደድ ነው የሚቀራቸው።

ጨዋታዎቻችንም አሉ። ቅልብልቦሽ የምትጫወት ልጅ አምስት ጠጠር ይዛ አንዱን ወደላይ ጥላ ሁለት ስትቀልብ መሬት ላይ ሁለት መቅረቱን ሳትቆጥር ታውቃለች። እሱን ወደ ክፍል አምጥቼ አስር ጠጠር አድርጌ ከፊሉን በእጄ ደብቄ "ስንት ደበቅኩ?" እላለሁ፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው እርስ በርስ ይጫወቱታል፣ በየቀኑ አምስት ደቂቃ በቂ ነው። ሰኞ ማክሰኞም ገበጣም ይሆናል። ስንዝርም አለ፣ ዴስኩን በስንዝር ለኩ ስላቸው የኔ 7 ሲሆን የነሱ 10፣ 11 ይመጣል፣ ጭቅጭቁ ሲበረታ ነው ማስመሪያ የማወጣው።

ስለ እቃው ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። መጀመሪያ ባቄላ ነበር የምጠቀመው፣ አንድ የአንደኛ ክፍል ልጅ አፍንጫው ውስጥ ከተተው፣ ባቄላ ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ጤና ጣቢያ ተወስዶ ነው የወጣለት፣ ያን ቀን እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የዋልኩት። ከዛ በኋላ ባቄላ፣ በቆሎ፣ ሮቃ ፍሬ ለትንንሾቹ አልሰጥም። ቆርኪ ይሻላል፣ እሱንም ጠርዙ እንዳይቆርጣቸው በድንጋይ ደብደብ አድርጋችሁ ማስተኛት ነው። ሌላው፣ እቃውን እንዳደላችሁ ወዲያው ማስተማር አትጀምሩ፣ መጀመሪያ ሁለት ሶስት ደቂቃ ይጫወቱበት፣ ቤት ይስሩበት፣ ይደርድሩት፣ ካልሆነ ትምህርቱ መሀል ላይ ነው የሚጫወቱት። 54 ልጅ ስድስት ስድስት ሆኖ ዘጠኝ ቡድን ነው፣ ለእያንዳንዱ አንድ ጣሳ፣ ጣሳውን የሚረከብና የሚያስረክብ አንድ ልጅ። ይጮሃሉ፣ አዎ። ግን የሚጮሁት ስለ ቁጥር ነው።

አንድ ልጅ ነበረኝ፣ ከሰአት አሸዋ ገበያ እናቱን ሽያጭ ያግዛል። ክፍል ውስጥ 50 ሲቀነስ 32 ብዬ ሰሌዳ ላይ ስሰጠው 22 ይለኛል። አንድ ቅዳሜ ሎሚ ልገዛ ሄጄ የ32 ብር ገዝቼ ሃምሳ ብር ሰጠሁት፣ አይኑን እንኳ ሳያነሳ "ስምንት አርባ፣ አስር ሃምሳ" እያለ 18 ብር እጄ ላይ ቆጠረልኝ። ቆሜ ቀረሁ። ያ ሰሌዳ ላይ ያቃተው ሂሳብ እኮ ነው! ኋላ ሳነብ ብራዚል ሬሲፌ የምትባል ከተማ ውስጥ መንገድ ላይ የሚሸጡ ልጆች ላይ ተመራማሪዎች ያጠኑት፣ በ1985 እንደ ፈረንጅ የወጣ ጥናት አገኘሁ፣ ልጆቹ እየሸጡ ሲጠየቁ 98 ከመቶ የሚሆነውን በትክክል ይመልሳሉ፣ ያው ስሌት በቁጥር ብቻ ወረቀት ላይ ሲሰጣቸው ወደ 37 ከመቶ ወረደ። አሸዋ ያየሁት ልጅ ነው ትዝ ያለኝ።

ስለዚ አሁን ሳምንት በሳምንት ክፍሌ ውስጥ ሱቅ አለ። ባዶ የሳሙና ካርቶን፣ የሻይ ቅጠል ፓኬት፣ ዋጋ ተለጥፎበት፣ ልጆቹ ከወረቀት የሰሩት ብር፣ እና መልስ የሚሰጠው በዛ ልጅ ዘዴ ነው፣ ከዋጋው ተነስቶ እየጨመሩ የተሰጠው ብር ላይ መድረስ። ለሌሎቹ ያስተማረው እሱ ነው፣ እኔ ጎን ላይ ሆኜ የሚለውን ሰሌዳ ላይ በመስመር እስለው ነበር፣ 32፣ ከዛ ዝላይ 8፣ 40፣ ከዛ ዝላይ 10፣ 50።

ወላጆች ሁሉ ደስ ይላቸዋል ብዬ አልዋሽም። አንድ አባት ደብተር ይዘው መጡ፣ "እህቴ፣ ይሄ ደብተር ባዶ ነው፣ ልጄን የምልካት እንጨት እንድትለቅም ነው እንዴ?" አሉኝ። አልተቆጣሁም፣ ልጃቸው የተማረች መሆኗን የሚያዩበት ደብተሩ ብቻ ነው። ልጅቷን ጠርቼ 52 ሲቀነስ 27ን በእንጨት አሰራኋት፣ ቆመው አዩ፣ "እሺ ገባኝ፣ ግን ፈተና ላይ እንጨት ይዛ አትገባም" አሉ። ይሄ በጣም ልክ የሆነ ጥያቄ ነው፣ ብዙ አስተማሪም እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው። እንጨቱ ላይ መቅረት የለበትም። ጀሮም ብሩነር የሚባል አሜሪካዊ የስነ ልቦና ሊቅ በ1960ዎቹ እንደ ፈረንጅ እንዳለው መጀመሪያ በድርጊት፣ ቀጥሎ በስእል፣ ከዛ በምልክት ነው፣ እኔም በመሀሉ ያለውን ስእል ነው ያሳየኋቸው። ለእስር ረጅም መስመር፣ ለነጠላ ነጥብ፣ 52 አምስት መስመርና ሁለት ነጥብ ነው፣ እስር ሲፈታ አንዱ መስመር ይሰረዝና አስር ነጥብ ይጻፋል፣ ይሄ በእርሳስ ፈተና ወረቀት ጠርዝ ላይ ይሰራል፣ ማንም አይከለክልም። ትንሽ ቆይቶ ልጁ ራሱ መሳሉ ሲያሰለቸው ይተወዋል፣ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፣ በጭንቅላቱ ስለሚያየው ነው። የሚቸኩል ግን ወደ እንጨቱ መመለስ አለበት፣ መመለስ ነውር አይደለም፣ ክፍል ውስጥ ጣሳው ሁሌ ክፍት ነው። አባትየው ደብተሩን አገላብጠው "እሷን መስመርና ነጥብ እኔንም አሳይኝ፣ ቤት እንዳላበላሽባት" አሉኝ፣ ተቀምጠን ሶስት ሰራን።

አሁን የቸገረኝ መቶ ነው። 204 ሲቀነስ 68 ላይ መሀሉ ባዶ ነው፣ የሚፈታ እስር የለም፣ መጀመሪያ ትልቁን መቶ ፈትተህ አስር እስር ታወጣለህ፣ ከዛ አንዱን እስር ትፈታለህ፣ ይሄን ያለ እንጨት ማስረዳት ሞክሬ አልሆነልኝም። ለዛ ደግሞ ብዙ እንጨት ያስፈልጋል፣ ስለዚ ልጆቹ በየቀኑ ጠዋት ከሰልፍ በፊት የኒም እንጨት እየለቀሙ ያስራሉ፣ አስር እስር ሲሞላ በሲባጎ ትልቁን እስር እናስራለን፣ በሩ ጎን በጠመኔ ስንት እንደደረሰ አንዱ ይጽፋል። አርብ ስንወጣ 640 ላይ ነበርን። 1000 የሞላ ቀን በምን እንደሚታሰር ከአሁኑ ተጣልተውበታል፣ ግማሹ በሚለበሰው ነጠላ ጫፍ ይላል፣ ግማሹ በገመድ፣ እኔ የገመዱ ወገን ነኝ።