ሕፃኑ ጸጥ አለ ብላችሁ አትደሰቱ

ተኝቶ የሚታከም ልጅ ድንገት ሲብስበት ኦክስጅን እከፍታለሁ፣ የደም ስኳሩን እለካለሁ፣ ተረኛ ሐኪም አስጠራለሁ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። «አስቀድሞ ቢነገረኝ ኖሮ» የምለው ግን ስለ ትንፋሽ ቆጠራው ነው።

የሳንባ ምች የያዘው የስድስት ወር ሕፃን በደቂቃ 70 ሲተነፍስ ሁሉም ይሯሯጣል። ቁጥሩ ወደ 40 ሲወርድ ቻርቱ ላይ «ተሽሎታል» ይባላል። የተሻለው ልጅ እናቱን በዓይኑ ይፈልጋል፣ ይጠባል። የዛለው ግን በተነፈሰ ቁጥር ራሱ ይነቀነቃል፣ ደረቱ ከታች ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ መርፌ ሲወጋ እንኳ አያለቅስም። ቁጥሩን ያወረደው ድካም ነው። በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው ኦክሲሜትርም ያታልላል፤ ኦክስጅን የተደረገለት ልጅ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየተጠራቀመበት 95 በመቶ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ልብሱን ገልጬ ሙሉ 60 ሰከንድ እቆጥራለሁ። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ለሕፃን አይሆንም፤ ትንፋሹ ወጥ ስላልሆነ አንዷ ስሕተት አራት ትሆናለች።

መመሪያው በየ4 ሰዓቱ ቁጠሩ ይላል። ተቆጣጣሪዎቹም የሚያዩት የቻርቱ ሳጥን መሞላቱን ነው፤ የዋርዱ ልጅ ሁሉ 28 ይተነፍሳል ተብሎ ቢጻፍ አይገርማቸውም! እኔ ኦክስጅን ላይ ያለውን በየሰዓቱ አየዋለሁ። ከምልክቶቹ ተደምሮ ሐኪም ጥሩ የሚለው የአደጋ ነጥብ እስኪሞላም አልጠብቅም፤ እናት «ልጄ ዛሬ ልክ አይደለም» ካለች ሐኪም ይጠራል። የደም ግፊት እስኪወርድ መጠበቅማ ጭራሽ ነው፤ ልጅ ግፊቱን እስከ መጨረሻው ይዞ ቆይቶ ባንዴ ይለቀዋል።

ትንፋሹ ከቆመ አምቡ ባግ፣ ማለትም በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጥ ከረጢት ነው። ማስኩ ከአፍንጫ አጥንት እስከ አገጭ ይሸፍን፣ ዓይን አይንካ። ሕፃን ከሆነ ትከሻው ሥር የታጠፈ ጨርቅ አድርጉ፤ አንገቱ ወደ ኋላ አይለጠጥ። በየ2 ወይም 3 ሰከንዱ አንዴ፣ ደረቱ ከፍ እስኪል ብቻ ጭመቁ። ኃይል ከበዛ አየሩ ሆድ ገብቶ ያስታውከዋል። ደረቱ አልነሳ ካለ አንገቱንና ማስኩን አስተካክሉ እንጂ በኃይል አትጭመቁ።

የደም ስኳሩ በዴሲ ሊትር ከ45 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ 10 በመቶ ግሉኮስ፣ በኪሎ 5 ሚሊ ሊትር፣ በደም ሥር።

በደም ሥር ፈሳሽ ለመስጠት አትቸኩሉ። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመውና በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ የተካሄደው ጥናት፣ ትኩሳት ኖሯቸው የደም ዝውውራቸው የተዳከመ ልጆች ፈሳሽ በፍጥነት ሲሰጣቸው በ48 ሰዓት ውስጥ የሚሞቱት እንደሚበዙ አሳይቷል። ተቅማጥ ያደረቀው ልጅ እዚያ ጥናት ውስጥ አልነበረም፤ እሱን ፈሳሽ አትንፈጉት።