ከአሮጌ መጽሔት የወጣ ፕሮጀክተር

ዘጠና ዓመት ገደማ ካስቆጠረ የመጽሔት ንድፍ ተነስቼ 16 ሚሊሜትር ፊልም የሚያሳይ ፕሮጀክተር ሠራሁ። ይሠራል! ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቤዝመንት ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ በወጠርኩት ነጭ አንሶላ ላይ ገበሬዎች ስንዴ ሲያጭዱ ይታያል። ጣቴ ላይ ያለው የናስ ብናኝ ገና አልለቀቀም፤ ደስታውም እንደዚያው። ሳይቀዘቅዝ ልጻፈው።

ንድፉ በ1930ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ከሚወጡት የእጅ ሥራ መጽሔቶች የአንዱ ነው። ከእነዚህ ውስጥ አሜሪካ ውስጥ ስሙ የገነነው ፖፑላር ሜካኒክስ ነው፤ ሄንሪ ዊንዘር የሚባል ሰው በ1902 ቺካጎ ላይ የጀመረው። የድሮ እትሞቹ ዛሬ ጉግል ቡክስ ላይ በነጻ ይነበባሉ። እንግሊዞቹ ደግሞ ከ1898 ጀምሮ ሞዴል ኢንጂነር አላቸው። እነዚህን መጽሔቶች የወደድኳቸው አንባቢያቸውን ስለሚያከብሩ ነው። ሞርሳ፣ ሞረድና ትዕግሥት አለው ብለው ይነሳሉ። የስፌት መኪና ሞተር ፈልግ፣ ይሄን ያህል ውፍረት ያለው የናስ ላሜራ ቁረጥ ይሉሃል። ደግሞም ምክንያቱን ይነግሩሃል። ዛሬ አንድ ነገር ለመሥራት ቪዲዮ ስከፍት እጅ አያለሁ እንጂ ምክንያት አላገኝም፤ ሰውየው ቀዳዳውን እዚህ ጋ ይበሳል፣ ለምን እዚህ ጋ እንደሆነ ግን አይናገርም። የዚያን ጊዜ ጸሐፊ ቪዲዮ ስላልነበረው በቃል ማስረዳት ነበረበት፣ በቃል ለማስረዳት ደግሞ ራሱ ነገሩን ጠንቅቆ ማወቅ ነበረበት።

ለምን 16? አንደኛ፣ ደህንነት። ኮዳክ ይህን መጠን በ1923 ሲያወጣው ከመጀመሪያው አሲቴት በሚባል በቀላሉ በማይቀጣጠል ፕላስቲክ ላይ ነው ያወጣው። የሲኒማ ቤቶቹ 35 ሚሊሜትር ግን እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ብዙው ናይትሬት የሚባል ተቀጣጣይ ፕላስቲክ ነበር፤ ናይትሬት አንዴ ከተያያዘ ውሃ አያጠፋውም። ስለዚህ የአያት ሣጥን ውስጥ የቆየ 35 ፊልም ብታገኙ እባካችሁ ለመሞከር ብላችሁ ብርሃን ፊት አታቁሙት፣ መጀመሪያ የሚያውቅ ሰው ይየው። አሲቴትም ቢሆን ሲያረጅ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። እንዲህ የሚሸት ጥቅል ካላችሁ ከሌሎቹ ለይታችሁ አስቀምጡት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ፊልሙ በብርሃኑ ፊት የሚፈስ ይመስለናል። አይፈስም። ቢፈስ ኖሮ አንሶላው ላይ የምናየው ጭጋግ ብቻ ነበር። እያንዳንዱ ምስል ይመጣል፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ብርሃን ያልፍበታል፣ ከዚያ ይጨልማል፣ በጨለማው ውስጥ ቀጣዩ ይሳባል። ይህ ሁሉ በሰከንድ 24 ጊዜ፤ ድምፅ አልባ በሆኑት የድሮ ፊልሞች ደግሞ 16 ጊዜ ገደማ። የፕሮጀክተር ጥበቡ ያለው ፊልሙን ማቆሙ ላይ ነው፤ ማስኬዱንማ ማንኛውም ሞተር ያስኬደዋል።

ይህን የምትሠራው ጥፍር የሚሏት አንዲት ትንሽ ብረት ናት። ፊልሙ ጠርዝ ላይ ካለው ቀዳዳ ትገባለች፣ 7.62 ሚሊሜትር ወደ ታች ትስባለች (ንድፉ 0.300 ኢንች ይላል፣ ያው ነው)፣ ትወጣለች፣ ባዶዋን ወደ ላይ ትመለሳለች። ቀዳዳው 1.83 በ1.27 ሚሊሜትር ብቻ ነው፣ የጥፍሯ ጫፍ ደግሞ እዚያ ውስጥ ሳይነካካ መግባትና መውጣት አለበት። ጫፏን በአጉሊ መነጽር እያየሁ በቀጭን ሞረድ ስቀርጽ ብዙ ምሽት ሄዷል። ትልልቆቹ የሲኒማ ቤት ማሽኖች በጥፍር ፋንታ የማልታ መስቀል የሚባል ክፍል አላቸው። እሱ የበለጠ ይበረታል፣ ግን ያለ ቶርኖ የሚሞከር አይደለም። ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው ጥፍር ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ፊልሙን በቀዳዳዎቹ ይዘው የሚያሳልፉት፣ ከላይና ከታች ያሉት ጥርሳም ከበሮዎች ሳያቋርጡ ይዞራሉ፣ ጥፍሯ ግን ትስባለች ትተዋለች፣ ትስባለች ትተዋለች። ሁለቱን የሚያስታርቃቸው ፊልሙ ላላ ብሎ የሚሠራው ቀለበት ነው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ላታም የሚባሉ አባትና ልጆች በ1895 ኒውዮርክ ላይ ስለተጠቀሙበት እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ሻተሩ ደግሞ ከላሜራ የተቆረጠ፣ ሁለት ክንፍ ያለው፣ ለእያንዳንዱ ምስል አንድ ዙር የሚዞር ነገር ነው። አንዱ ክንፍ ፊልሙ ሲሳብ ብርሃኑን ይጋርዳል። ሁለተኛው ክንፍ ግን ቆሞ ያለውን ምስል መሃል ላይ ያቋርጠዋል። ለምን? ዓይናችን በሰከንድ 24 ብልጭታ ሲሆን ይረበሻል፣ 48 ሲሆን ይረጋጋል። በ16 ለሚሄድ ፊልም ሦስት ክንፍ ይደረጋል፣ ያም ሲባዛ 48። ይህን ሳነብ ተነስቼ ክፍሉ ውስጥ ተንጎራደድኩ። ክንፉ ከጥፍሯ ከቀደመ ወይም ከዘገየ ከነጭ ፊደሎች ላይ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚሳብ የብርሃን ጅራት ይታያል። ጅራቱ ወዴት እንደሄደ ማየት፣ ብሎኑን ማላላት፣ ክንፉን ትንሽ ማዞር፣ ማጥበቅ፣ እንደገና ማየት ነው።

ፊልሙ የሚያልፍበት በር ሁለት የናስ ሳህን ነው፤ አንዱ በሞላ ይገፋል። መሃሉ በጣም በትንሹ ጎድጎድ ማለት አለበት፣ ናሱ የፊልሙን ጠርዝ ብቻ እንዲነካ። አለበለዚያ ምስሉን ከላይ እስከ ታች ይቧጭረዋል፣ ያ ጭረት ደግሞ መመለሻ የለውም። ስለዚህ ማሽኑን የምሞክረው ምንም ምስል በሌለበት ቁራጭ ፊልም ነው።

ከንድፉ የራቅኩት ብርሃኑ ላይ ነው። እሱ የ500 ዋት አምፖልና ማራገቢያ ይጠይቃል፤ እኔ ኤልኢዲ አደረግኩ፣ ሙቀቱ በጣም ስለሚቀንስ። እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት ነገር፣ ርካሹ ኤልኢዲ ራሱ ይርገበገባል፣ መርገብገቡም ከሻተሩ ጋር ሲገናኝ አንሶላው ላይ ማዕበል ይሠራል። ንጹህ ዲሲ፣ ማለትም የማይርገበገብ ኤሌክትሪክ፣ የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ ያስፈልጋል። ሌንሱ 50 ሚሊሜትር ነው፣ በ5 ሜትር ርቀት 1 ሜትር የሚጠጋ ስፋት ይሰጠኛል። ይበቃኛል።

እሁድ ለታ አንድ ጋሼ መጡ። ወጣት ሳሉ አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ውስጥ ማሽን ላይ ሠርተዋል፣ በካርቦን ዘንግ ብርሃን በሚሠራው። ገና ደረጃውን እየወረዱ፣ ማሽኑን ሳያዩት፣ ቆም አሉ።

«አንተ፣ የታችኛው ሊያልቅብህ ነው።»

እንደ ስፌት መኪና እኩል መምታት የነበረበት ድምፅ መሃል መሃሉን ይነክስ ነበር። አጥፍቼ ሳየው እውነትም የታችኛው ቀለበት ሊወጠር ትንሽ ነው የቀረው።

«ጋሼ፣ እንዴት አወቁ?»

«በጆሮ ነዋ! ስክሪን እያየ የሚሠራ ሁልጊዜ እንደዘገየ ነው። ሕዝቡ ከማፏጨቱ በፊት መስማት አለብህ።»

ከዚያ ኮታቸውን አወለቁና ፊልሙን እሳቸው አስገቡት። ጣታቸውን ከበሩ በታች አስገብተው በጣታቸው ውፍረት ልክ ቀለበቱን ለኩት። መጽሔቱ ላይ ይህ ልክ በኢንች ነው የተጻፈው። ከእንግዲህ እኔ የምለካው በጋሼ ጣት ነው።

አንድ ያልተፈታ ነገር አለ፣ መጠቅለያው። የታችኛው ጥቅል እየወፈረ ሲሄድ ዝግ እያለ መዞር ስላለበት ቺንጊያው በቀጥታ ሊያዞረው አይችልም፣ ፊልሙን ይበጥሰዋል። ንድፉ በሁለት ሮንዴላ መሃል ቆዳ አስገብቶ እንዲንሸራተት ያደርጋል፤ የኔ ቆዳ ወፍራም ስለሆነ ይይዛል፣ ቀጭን ቆዳ እየፈለግኩ ነው። ከዚያ በኋላ ድምፅ ይመጣል። የስንዴው ፊልም ድምፅ አለው፤ ባለድምፅ 16 ቀዳዳው በአንድ ጠርዝ ብቻ ስለሆነ የከበሮዎቹን ጥርስ በአንድ ወገን ብቻ ያደረግኩትም ለዚህ ነው። በሁለቱም ወገን ጥርስ ያለው የድሮ ከበሮ ላይ ቢሄድ ድምፁ የተቀዳበትን መስመር ይበሳዋል። ድምፁ ደግሞ ከምስሉ 26 ምስል ቀድሞ ነው የተቀዳው፣ እዚያ ቦታ ላይ ፊልሙ ምንም ሳይዘል በእኩል ፍጥነት መሄድ አለበት፣ ለዚህም ከባድ የሚሽከረከር ጎማ ያስፈልጋል። ጋሼ የሚያውቁት ቶርኖ ያለው ልጅ አለ፣ ቅዳሜ ሊያገናኙኝ ነው።