ከቀኑ 8 ሰዓት፦ ቴሰራክትን ከሶርስ ኮድ የጫንኩበት ሳምንት

የእድራችን መተዳደሪያ ደንብ 34 ገጽ ነው። ማተሚያ ቤት የታተመ ነው፤ ግን ዳር ዳሩ ተበልቷል፣ የቀረውም አንድ ቅጂ ብቻ ነው። የእድሩ ጸሐፊ በፌስታል ጠቅልለው ሰጡኝና «ልጄ፣ እስቲ ይህቺን ኮምፒውተር ውስጥ አስገባልን። ጉባኤው ሊያሻሽላት ነው» አሉኝ። ቁጭ ብዬ ብተይበው በሦስት በአራት ቀን ያልቅ ነበር። ግን ከሱ በኋላ የአባላት መዝገብ አለ፤ ቃለ ጉባኤ አለ። ስለዚህ ስካን አድርጌው ኮምፒውተሩ ራሱ ፊደሉን እየለየ እንዲያነብልኝ ፈለግኩ።

ለዚህ ሥራ ቴሰራክት የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኤችፒ ውስጥ ተጀመረ፤ በ2005 ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ጉግል ለዓመታት አሳድጎታል። አማርኛም ትግርኛም ያነባል። የኔ ላፕቶፕ ላይ ያለው የሊኑክስ ዓይነት ኡቡንቱ 22.04 ስለሆነ በአፕት (ፕሮግራም አውርዶ በሚጭነው ትእዛዝ) ሲጫን የሚመጣው ቴሰራክት 4.1.1 ነው። እኔ የፈለግኩት 5ኛውን ነበር። ኡቡንቱን ወደ 24.04 ባሳድገው 5.3.4 በአፕት ይመጣልኛል፤ ግን ያ ብዙ ዳታ ይበላል። ደግሞም ሊኑክስ መማር ከጀመርኩ ሦስት ወሬ ነው፤ ከሶርስ ኮድ፣ ማለትም ሰው ከጻፈው ኮድ ፕሮግራሙን ራሴ መገንባትን ግን እስካሁን ስሸሸው ቆይቻለሁ። በዚህ ልጀምረው ብዬ ቆረጥኩ። እናንተም በዚሁ መንገድ ላይ ስላላችሁ የገጠመኝን እንዳለ ላካፍላችሁ። ትእዛዞቹን በአፋችን እንደምንጠራቸው ነው የምጽፋቸው።

የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ የሚባለው ሰፈር ነው። ላፕቶፑ 4 ጊጋ ራም አለው። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ግድግዳ ላይ ካልተሰካ አይሠራም። ነሐሴ ላይ ጎንደር ውስጥ ለመኖር ይህ ከባድ ነገር ነው። ዝናቡ ሲጀምር መብራት ይሄዳል፤ መብራት ሲሄድ ላፕቶፑም አብሮ ይሄዳል።

ቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ጀመርኩ። መጀመሪያ ቢልድ ኢሴንሻል የሚባለውን ጥቅል፣ ከዚያ ኦቶኮንፍን፣ ኦቶሜክን፣ ሊብቱልንና ፓኬጅ ኮንፊግን በአፕት ጫንኩ። ሶርሱን በጊት አወረድኩ። ኦቶጄንን አስነሳሁ፤ እሱ ኮንፊገር የሚባለውን ስክሪፕት ሠርቶ ሰጠኝ። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነው።

ኮንፊገር ሥራው ማሽኑን መፈተሽ ነው። ኮምፓይለር (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው) አለ? ላይብረሪዎቹ (ፕሮግራሙ የሚጠቀምባቸው ዝግጁ ኮዶች) አሉ? እያለ አንድ በአንድ ያያል። የጎደለ ሲያገኝ ይቆማል። እኔ ጋ «ሌፕቶኒካ 1.74 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል» ብሎ ቆመ። ሌፕቶኒካ ቴሰራክት ምስሉን የሚከፍትበትና የሚያጸዳበት ላይብረሪ ነው። ግራ ያጋባኝ ነገር፣ ሌፕቶኒካ እኮ ማሽኑ ላይ ነበር። በአፕት የጫንኩት የድሮው ቴሰራክት ይዞት መጥቷል። ቁጥሩም ከ1.74 በላይ ነው።

ይህን የምታነቡ ጀማሪዎች እዚህ ጋ ቆም በሉ፤ ነገሩ በሌላ ፕሮግራምም ይመጣባችኋል። ኡቡንቱና ዴቢያን አንድን ላይብረሪ ለሁለት ከፍለው ነው የሚያስቀምጡት። አንደኛው ፕሮግራሞች ሲሠሩ የሚጠሩት ራሱ ላይብረሪው ነው። ሁለተኛው ሄደር ፋይሎቹ ናቸው፤ ኮምፓይለሩ «እዚህ ላይብረሪ ውስጥ ምን ምን አለ?» ብሎ የሚያነብባቸው። ወጥ ቤቱ አለ፣ ሜኑው ግን ለብቻው ነው የሚመጣው እንደማለት ነው። ለተራ ተጠቃሚ ወጥ ቤቱ ይበቃዋል። ኮምፓይል የሚያደርግ ሰው ግን ሜኑው ያስፈልገዋል። ሜኑው ያለበት ፓኬጅ ስሙ መጨረሻ ላይ «ዴቭ» የሚል ቅጥያ አለው። እኔ የጎደለኝ ሊብሌፕቶኒካ ዴቭ ነበር። ኮንፊገርም ራሱ የኤረሩ መስመር ላይ ይህንኑ ፓኬጅ ጫን ብሎ ጽፎልኛል። መጀመሪያ ላይ «ሌፕቶኒካ የለም» የሚለውን ብቻ አይቼ ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር ሳላነብ ነው ግማሽ ሰዓት ያባከንኩት።

ፓኬጁ ወርዶ ተጭኖ እንዳለቀ ሰማዩ አጉረመረመ። መብራት ሄደ።

መብራት ሲመጣ ከቀኑ 8 ሰዓት ሆኗል። ላፕቶፑን ከፈትኩ። ኢንተርኔት የለም፤ ኔትወርኩም አልተመለሰም። የስክሪኑ ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ፣ ሰዓቱ በራሱ እንዲስተካከል የሚያደርገውን ምርጫ አጥፍቼ፣ በእጄ 8፡00 ብዬ ሞላሁት። ከዚያ ኮንፊገርን አስነሳሁ። ሁለት መስመር እንኳ ሳይሄድ ቆመ። የሰጠኝ ኤረር በአማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነው፦ «አሁን የተፈጠረው ፋይል ከቀድሞዎቹ ፋይሎች ያረጀ ነው! የሲስተም ሰዓትህን ተመልከት።»

ሰዓቱን ተመለከትኩ። ግድግዳው ላይ 8። ስክሪኑ ላይ 8። ልክ ነው። ስለዚህ ችግሩ ሌላ ነው ብዬ ደመደምኩ። መብራቱ ሲጠፋ ፋይሎቹ ተበላሽተው ይሆናል አልኩ። ሙሉ ፎልደሩን አጥፍቼ እንደገና ላወርድ ነበር፤ የተውኩት ዳታ ስላልነበረኝ ብቻ ነው።

ማታ ኔትወርክ ተመለሰ። እስቲ የጎደለ ፓኬጅ ካለ ብዬ አፕት አፕዴት አልኩ። አፕትም እምቢ አለኝ። «የሪሊዝ ፋይሉ ገና አልጸናም፤ ሊጸና 4 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ይቀረዋል» ይላል። ገና ያልደረሰ ፋይል እንዴት ይወርዳል? መስኮቱን አየሁ፤ ውጭው ድቅድቅ ጨለማ ነው። ስክሪኑን አየሁ፤ 14፡00 ይላል። ቀጥ ብዬ ቀረሁ።

ማሽኑ ቀኑን የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ነው። እኛ ከንጋት ነው የምንቆጥረው። እኔ ከቀኑ 8 ሰዓት ብዬ የሞላሁት ለሱ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። መሙላት የነበረብኝ 14፡00 ነበር። የሰዓት ክልሉ አዲስ አበባ ተብሎ ተመርጧል፤ ግን እሱ የሚያስተካክለው ከግሪንዊች ያለንን የ3 ሰዓት ልዩነት እንጂ የእኛን አቆጣጠር አይደለም። ኮንፊገር የተሠራው ጠዋት 4 ሰዓት፣ በማሽኑ 10፡00 ላይ ነው። እኔ ሰዓቱን ወደ 8፡00 ስመልሰው፣ ማሽኑ አዲስ የፈጠረው ፋይል ከኮንፊገር በሁለት ሰዓት የቀደመ ሆነ። ኤረሩ እውነቱን ነበር የተናገረው። እኔ ነኝ ግድግዳውን አይቼ ያላመንኩት።

መፍትሔው አንድ መስመር ነው፤ ታይምዴት ሲቲኤል ሴት ኤንቲፒ ትሩ። ሰዓቱ በኢንተርኔት በራሱ ተስተካከለ። አፕት ሠራ። ኮንፊገርም እስከ መጨረሻው ሄደ።

ይህ ለምን ይህን ያህል ያሳስበኛል? ሜክ፣ ማለትም ኮምፓይል ማድረጉን የሚመራው ትእዛዝ፣ የሚያስበው በሰዓት ስለሆነ ነው። እያንዳንዱን ሶርስ ፋይል ከሱ ከተሠራው ኦብጀክት ፋይል ጋር ያስተያያል። ሶርሱ አዲስ ከሆነ እንደገና ኮምፓይል ያደርጋል፤ ኦብጀክቱ አዲስ ከሆነ ያልፈዋል። ሰዓታችሁ ወደ ኋላ ከሄደ አዲሱ ሥራ ሁሉ ያረጀ ይመስለዋል፤ ሜክን ባላችሁት ቁጥር ያለቀውን እየደገመ ሊውል ይችላል። «ክሎክ ስኪው» የሚል ማስጠንቀቂያ ካያችሁ ነገሩ ይኸው ነው። ሰዓቱ ልክ ከሆነ ግን ይህ አሠራር መብራት ለሚጠፋበት አገር ትልቅ ጸጋ ነው። ግማሽ ላይ ቢቋረጥ ሜክን ደግማችሁ ስትሉት ካቆመበት ይቀጥላል።

አንድ ጥንቃቄ ብቻ። መብራቱ ሲጠፋ እየተጻፈ የነበረው ፋይል ባዶውን ሊቀር ይችላል። ሜክ ሰዓቱን አይቶ አልቋል ብሎ ያልፈዋል። በኋላ ሁሉም ሲገጣጠም ፋይሉ የተቆረጠ ነው የሚል ኤረር ይመጣል። እኔ ሰኞ ማታ ደርሶብኛል። መጠናቸው ዜሮ የሆኑትን በፋይንድ ፈልጌ፣ ያንን አንድ ኦብጀክት ፋይል አጠፋሁት። ሜክ እንደገና ሠራው።

እሑድ ስለነበረው ልመለስ። ቶሎ እንዲያልቅ ብዬ ሜክን ዳሽ ጄ 4 አልኩት፤ አራት ፋይል በአንድ ጊዜ ኮምፓይል አድርግ ማለት ነው። ብራውዘሩም ክፍት ነበር። ማሽኑ ደነዘዘ፤ ማውሱ እንኳ አልንቀሳቀስ አለ። ከትንሽ ጊዜ በኋላ ስክሪኑ በኤረር ተሞላ። የመጨረሻው መስመር «ኤረር 2» ይላል፤ ሌላ ምንም።

አዘዞ ያለ አንድ ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። እሱ በሊኑክስ ከኔ ይቀድማል።

«ኤረር 2 ይለኛል» አልኩት።

«የመጨረሻውን ተወው ወንድሜ። ሜክ መጨረሻ ላይ የሚለው ‹አልቻልኩም› ብቻ ነው። ለምን እንዳልቻለ ላይኛው ላይ ነው ያለው። ውጣ ወደ ላይ።»

ወጣሁ። ከብዙ መስመር በላይ «ኪልድ» የሚል ቃል አገኘሁ። ኮምፓይለሩ ተገድሏል። ዲሜሴጅን (የከርነሉን መልእክቶች የሚያሳየውን ትእዛዝ) ስከፍት ከርነሉ፣ የሊኑክስ እምብርት የሆነው፣ ራም ስላለቀበት ራሱ እንደገደለው ጽፏል። ኮዱ ምንም አልሆነም። ብራውዘሩን ዘጋሁ፣ 2 ጊጋ የስዋፕ ፋይል (ራም ሲሞላ የሚያግዝ የዲስክ ቦታ) ጨመርኩ፣ ዳሽ ጄ 4ን ወደ 1 አወረድኩ። ቀስ አለ፤ ግን ሄደ። አንድ በአንድ ሲሆን ሌላም ጥቅም አለው፤ ኤረሮቹ አይደበላለቁም፣ የመጀመሪያው የትኛው እንደሆነ በግልጽ ይታያል። ጓደኛዬ የሜክን ውጤት በቲ ትእዛዝ ወደ ፋይል እንዳስቀምጠውም ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ ያለሱ ሜክ አላልኩም። መብራት ቢጠፋም እስከዚያ የተጻፈው አብዛኛው ፋይሉ ላይ ይቆየኛል።

ማክሰኞ አለቀ። ሱዶ ሜክ ኢንስቶል አልኩ። ቴሰራክት ቨርዥኑን ስጠይቀው 4.1.1 አለኝ። አዲሱ ዩኤስአር ሎካል ቢን ውስጥ ነው የገባው፤ አሮጌው ዩኤስአር ቢን ውስጥ አለ። ትእዛዝ የሚቀበለው ሼል ደግሞ በዚያው ተርሚናል ቀደም ብዬ የጠራሁትን የአሮጌውን ቦታ ያስታውሳል። ሃሽ ዳሽ አር ብላችሁ ማስረሳት ነው፤ አለዚያ አዲስ ተርሚናል መክፈት። ይህን ሳደርግ ደግሞ ሊብቴሰራክት 5 አልተገኘም አለ። ላይብረሪው ገብቷል፤ የሲስተሙ ዝርዝር ግን አልታደሰም። ሱዶ ኤልዲኮንፊግ አልኩ። 5 ወጣ! ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ «እሰይ!» አልኩ።

የአማርኛው የሥልጠና ፋይል የመጨረሻው እንቅፋት ነበር። ጊትሃብ ላይ ያለውን ሊንክ ቀድቼ በተርሚናል አወረድኩ፣ ቴስዳታ ፎልደር ውስጥ አስገባሁ። ቋንቋውን መክፈት አልቻልኩም አለ። ፋይል የሚባለውን ትእዛዝ ስሰጠው ያወረድኩት ኤችቲኤምኤል ነው አለኝ። ለካ ያመጣሁት ፋይሉን ሳይሆን ፋይሉ የሚታይበትን ገጽ ነው። «ሮው» ከሚለው ቁልፍ የሚገኘውን ሊንክ ስወስድ ትክክለኛው መጣ።

ረቡዕ ፒያሳ ወጣሁ። ላፕቶፑ ውስጥ ሰዓቱን የምትጠብቀውን ክብ ባትሪ፣ ሲአር 2032 የምትባለዋን፣ አንድ ሰዓት ጠጋኝ ጋ አገኘሁ። የኔው ላፕቶፕ ላይ በቀላሉ የምትነቀል ናት። አሁን መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰዓቱ አይዛነፍም።

ገጾቹን በ300 ዲፒአይ ስካን አደረግኳቸው። የመጀመሪያውን ገጽ ሰጠሁት። ጥቂት ሴኮንድ ቆየ፤ የጽሑፍ ፋይሉን ስከፍተው «አንቀጽ 1» ብሎ ጀመረ። ሙሉ በሙሉ ልክ አይደለም። ‹ሰ›ን አንዳንዴ ‹ስ› ይላል፤ አራት ነጥቡን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ዳሩ የተበላው ቦታ ላይ ይሳሳታል። ግን ዓረፍተ ነገሩ ይነበባል።

ኀሙስ ማታ ከጸሐፊው ጋር ቡና እየጠጣን አንድ በአንድ አስተያየን። እሳቸው ከወረቀቱ ያነባሉ፤ እኔ ስክሪኑ ላይ አርማለሁ። 11ኛው ገጽ ላይ ቆም አሉና «ይቺ ‹ሐዘንተኛ› በሐመሩ ‹ሐ› ናት፣ እንዳትነካት» አሉኝ። ቴሰራክትም በሐመሩ ነበር የጻፋት። እስካሁን 17 ገጽ ታርሟል፤ ቀሪውን ለእሑድ ቀጥረናል።