ለገብርኤል ይሁንልሽ

ዛሬ ምክንያቱን የማላውቀው ድብርት ሲጫነኝ ዋለ። ሰማዩም ዳምኗል፣ ደመወዝም ገና ነው፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ አልለየሁትም። ማምሻውን ዘይትና ሩዝ ልወስድ ጋሽ ሰ. ሱቅ ስወርድ፣ የያዝኩት ብር እንደማይበቃ ገና ሳልናገር ከፊቴ አነበቡት መሰለኝ፣ ያንን ሽፋኑ ዘይት የጠጣ የዱቤ ደብተር ከሚዛኑ ሥር ስበው አወጡና «ለገብርኤል ይሁንልሽ፣ ልጄ» አሉኝ። በደብተሩ ላይ ስም የለኝም፤ «3ኛ ፎቅ» ነው የምባለው። ከዚያ ጎን ዘይቱንና 2 ኪሎውን ሩዝ ጻፉ፤ ቀን በሚጻፍበት ቦታ ደግሞ በዚያ በተጣበበ ጽሕፈታቸው «ገብ.» ብለው አሰመሩበት። ከእኔ በላይ ያለው ባለዕዳ «ማር.» ነው፤ ከእሱም በላይ ያለው «ሚካ.» በአንድ መስመር ተሰርዟል፤ ከፍሏል ማለት ነው።

ጋሽ ሰ. ሙስሊም ናቸው። የመስገጃ ምንጣፋቸው ከስኳሩ ጆንያ አጠገብ ተጠቅልሎ እንደቆመ ነው የማውቀው። ይህን ደብተር ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ነገር ግን የእሳቸው ሱቅ ሒሳብ በእኔ መላእክት ስም እንደሚያዝ ልብ ያልኩት ዛሬ ደረጃውን ስወጣ ነው።

ክርስትና ወደዚህ አገር እንዴት እንደገባ በትምህርት ቤት የተማርነው የነገሥታት ታሪክ ነው። ፍሬምናጦስ በእስክንድርያው በአትናቴዎስ እጅ ተሾሞ መጣ፤ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢዛና አመነ፤ በሳንቲሙ ላይ የነበሩት ጨረቃና ክብ ጠፍተው በቦታቸው መስቀል ተቀረጸ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ያንን ሳንቲም በእጁ ነክቶ የማያውቅ የሩቅ አገር ገበሬ ክርስቲያን መሆኑን በምን ያውቀው ነበር ብዬ ሳስብ፣ መልሱ ጋሽ ሰ. ደብተር ላይ ያለው «ገብ.» ይመስለኛል። ሃይማኖቱ ገበሬው ጋ የደረሰው ቀን ሆኖ ነው፤ ዛሬ ይታረሳል፣ ዛሬ አይታረስም፤ ዛሬ ይጾማል፣ ነገ ይፈሰካል፤ ብድሩ ለሚካኤል ይመለሳል፣ ማኅበሩ በማርያም ይጠጣል።

እማዬ እስከ ዛሬ ድረስ «አሥራ ስድስት» ስትል ሰምቼ አላውቅም፤ ኪዳነ ምሕረት ነው የምትለው። የተወለድኩበትን ቀን ስጠይቃት ወሩን ትረሳዋለች፣ ጨርቆስ እንደነበረ ግን ትምላለች። አብረን በምንኖርበት ጊዜ ልብስ የሚታጠብበትን ቀን ማግኘት ራሱን የቻለ ሙያ ነበር፤ ቅዳሜ ሰንበት ነው፣ እሑድም ሰንበት ነው፣ ሰኞ በአታ ይውላል፣ ማክሰኞ አልፎ ረቡዕ አቦ ይሆናል። በማኅበሯ ዕለት ደግሞ ያ በነጭ ነጠላ ተሸፍኖ የመጣው ጽዋ ከመሶቡ አጠገብ ሲቀመጥ፣ ዓመቱን ሙሉ በአጥር የተጣሉ ሁለት ጎረቤታሞች እፊቱ ተቀምጠው አንዷ ለሌላዋ ዳቦ ስትቆርስ አይቻለሁ። ሙሴው፣ የማኅበሩ መሪ፣ «ተራው የማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅና ተረካቢዋ ተነሥታ ጽዋውን በሁለት እጇ ስትቀበል፣ ቤቱ ጸጥ ይል ነበር። ማን ታመመ፣ ማን አረፈ፣ የማን ልጅ ሥራ አጣ የሚለው ነገር ሁሉ በዚያ ቤት ይሰማል፤ ከዚያም ሳይውል ሳያድር አንድ ነገር ይደረግ ነበር።

በዓሉ በዛ፣ ገበሬውን ያደኸየው የማያርስበት ቀን ብዛት ነው የሚለው ወቀሳ አዲስ አይደለም፤ እኔም በተማሪነቴ ይህንኑ በጥሩ ውጤት ጽፌዋለሁ። አሁን ግን እርግጠኛ አይደለሁም። በሰው መሬት ላይ የሚያርስ ጭሰኛ፣ በሰው ቤት የምትፈጭ ገረድ፣ ቀንበር የተሸከመ በሬ፣ «ዛሬ ማርያም ናት» የሚል ነገር ባይኖር ኖሮ ጌታቸው መቼ ያሳርፋቸው ነበር?

ለዚህም ይመስለኛል አባቶቻችን ከባዱን ክርክራቸውን በቀን ላይ ያደረጉት። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኤዎስጣቴዎስ ከእሑድ ጋር ቅዳሜም ይከበር በማለታቸው አገር ለቀው እስከ አርመን ድረስ ተሰደዱ፤ በዚያውም አረፉ። ደቀ መዛሙርታቸው ክህነት ተከልክለው ለብቻቸው ኖሩ። ነገሩ የተቋጨው መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1450 ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሰብስበው ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ሲወሰን ነው። በጉባኤው ላይ ውሳኔውን የተቀበሉት ሁለቱ ግብፃውያን ጳጳሳት ስማቸው ማንና ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሚካኤልና ገብርኤል። ጋሽ ሰ. ይህን ቢሰሙ ይስቁ ነበር። እኒሁ ንጉሥ በዓመት 33 የማርያም በዓላት እንዲከበሩም አዝዘዋል፤ እማዬ ልብስ የምታሳጥበኝን ቀን ያጣበቡት እሳቸው ናቸው ማለት ነው። ይህ ሁሉ ጉዳይ ዛሬ የቀረው በአንድ ቃል ውስጥ ነው፤ «ቅዳሜ» ስንል «ቀዳሚት ሰንበት» ማለታችን መሆኑን ማን ያስበዋል?

ራታችንን እንኳ ሳልሠራ ሐሳቡ ይዞኝ ከአገር ወጣ። በናይጄሪያ የኢግቦ ሕዝብ ሳምንቱ አራት ቀን ነበር፤ ኤኬ፣ ኦሪዬ፣ አፎ፣ ንክዎ ይባላሉ፤ ሁሉም የገበያ ቀናት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1857 ሚሲዮኖች በኢግቦዎቹ ከተማ በኦኒቻ ሲሰፍሩ ይዘውት የመጡት ሳምንት ባለ ሰባት ቀን ነው። አራትና ሰባት በ28 ቀን አንድ ጊዜ ይገናኛሉና፣ እያንዳንዱ ገበያ በ28 ቀን አንዴ እሑድ ላይ ይወድቃል። ያን ዕለት ያመነችው ሴት ያም የሚባለውን የሚበላ ሥር ተሸክማ ወደ ገበያ ትሂድ ወይስ ወደ ቤተ ክርስቲያን? አማቷስ ምን ትላለች? የአዲሱ እምነት ፈተና ከምሥጢረ ሥላሴ በፊት ይህ ሳይሆን አይቀርም። በደቡብ አፍሪካ ደግሞ ዙሉዎች «ኢሶንቶ» ሲሉ እሑድም ማለት ነው፣ ሳምንትም ማለት ነው፣ ቤተ ክርስቲያንም ማለት ነው፤ ቃሉ ከደች ሰዎች የእሑድ ስም የተወሰደ ነው። በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ1910 የራሱን ቤተ ክርስቲያን የመሠረተው ኢሳያስ ሼምቤ ከነጮቹ እሑድ ይልቅ ቅዳሜን ሰንበት አደረገ። ኤዎስጣቴዎስን ሰምቶ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ሁለቱም ግን ነጻ መሆን የፈለጉት በዚያው በቅዳሜ ነው።

ወደ ጋሽ ሰ. የመለሰኝ የግብፅ ነገር ነው። የቅብጥ ቤተ ክርስቲያን ከፈርዖኖች ዘመን የመጡትን ወራት ጠብቃ አቆየች፤ ቱት የእኛ መስከረም ነው፣ ባባ ጥቅምት፣ ሃቱር ኅዳር። የአባይ ዳር ገበሬ፣ ሙስሊሙም ጭምር፣ የሚዘራበትንና ብርድ የሚገባበትን ጊዜ በእነዚህ ወራት ሲቆጥር ኖሯል። እንግዲህ የቤተ ክርስቲያን ቀን ከአማኟ አልፎ ለጎረቤትም መቁጠሪያ መሆኑ የእኛ ብቻ ባሕርይ አይደለም ብዬ ደስ ሊለኝ ነበር።

ደስታው ግን አልዘለቀም። የግብፁ ገበሬ የሚቆጥረው የአየር ጠባይን ነው፤ ጋሽ ሰ. የሚቆጥሩት የእኔን ቅዱሳን ነው። ወደው ነው ወይስ ሌላ ቀን ስላልተሰጣቸው? በዚህ አገር የሙስሊም በዓል የሕዝብ በዓል ሆኖ ሥራ የተዘጋበት ከአብዮቱ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙስሊሞች በብዙ ሺሕ ሆነው ሰልፍ ወጥተው ነበር፤ ከጥያቄያቸው አንዱም በዓላችን ይከበር የሚል ነው። ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ተሰልፈዋል። ልብ ያልኩት አሁን ስጽፈው ነው፤ 12 ሚካኤል ነው። በዓላቸውን ለመጠየቅ የወጡበት ቀን እንኳ በእኛ ስም የሚጠራ ሆነ።

ሰልፉ ሲደረግ ጋሽ ሰ. ልጅ እግር ነበሩ፤ ወጥተው እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም። ብዙ ነገር ጠይቄያቸው አላውቅም። እሳቸው ሑዳዴ መቼ እንደሚገባ ስለሚያውቁ ሽሮና ኑግ አስቀድመው ያከማቻሉ፤ ለፍልሰታም እንዲሁ፤ ዓርብ ዕለት ሕፃን ወተት ሊገዛ ሲመጣ «ለማን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። እኔ፣ የሦስት አገር ሕዝብ ቀን ስቆጥር ያመሸሁት፣ ረመዳን መግባቱን የማውቀው በየመንገዱ ዳር ሳምቡሳ መጠበስ ሲጀምር ነው። ባለፈው ዓመት እንዲያውም በቀትር ሱቃቸው ገብቼ፣ ፊታቸው ቆሜ፣ የገዛሁትን ብስኩት እየበላሁ ስለ ሙቀቱ አውርቻቸዋለሁ። አንድም ቃል አልተነፈሱም፤ መልሴን ቆጥረው ሰጡኝ።

ገብርኤል አምስት ቀን ቀርቶታል። ብሩን ስመልስ ቀጣዩን ዕዳዬን በየትኛው ቀናቸው እንዲጽፉልኝ ልንገራቸው ይሆን? እንዲያ ብዬ ብናገር «በየትኛው?» ይሉኛል፣ እኔም አላውቅም።