ስንት ሆነው ነው የመቱት?

ባለፈው የካቲት ነው፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ። የስልክ አስተርጓሚ ነኝ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ መኝታ ቤቴ ጥግ ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ እውላለሁ። ሐኪም ቤት ይደውላል፣ ፍርድ ቤት ይደውላል፣ ኪራይ የቀረበት አከራይ ይደውላል። የዚያን ቀን የደወለችው የትምህርት ቤት አማካሪ ነበረች። በሌላው መስመር አንዲት ሐበሻ እናት አለች። የሰው ጉዳይ ስለሆነ ዝርዝሩን ቀያይሬዋለሁ፤ ሰዋስዉ ግን እንዳለ ነው።

ነገሩ ከባድ አልነበረም። የሴትዮዋ ልጅ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። በእረፍት ሰዓት ከክፍል ጓደኛው ጋር ተጣልቶ ተገፈተረ፣ ጉልበቱ ተላጠ። አማካሪዋ ስለ ሌላኛው ተማሪ ስታወራ ደጋግማ «ዘይ» (በእንግሊዝኛ «እነሱ») ትላለች። እኔም አፌ ቀድሞኝ «እነሱ ገፈተሩት፤ እነሱም አዝነዋል፤ ይቅርታ ጠይቀዋል» አልኩ።

መስመሩ ጭጭ አለ። ከዚያ እናትየዋ፣ ድምጿ ተለውጦ፣ «ስንት ሆነው ነው የመቱት?» አለች።

ተረጎምኩ። አማካሪዋ ግራ ገባት። «አንድ ተማሪ ብቻ ነው» አለች። እናት ልትሰማ ነው? «ታዲያ እነሱ የተባሉት እነማን ናቸው? ልጄን ተሰብስበው ደብድበውት ነው የምትደብቁኝ?» የመኪና ቁልፍ ሲንቃጨል ይሰማኛል። መጣሁ ማለቷ ነው።

በእኛ ሥራ ከራስ አይጨመርም፣ አይቀነስም። ግራ የገባ ነገር ካለ ግን «ለአስተርጓሚ ማብራሪያ ያስፈልጋል» ብሎ መጠየቅ ይፈቀዳል። ጠየቅኩ። ልጁ፣ የገፈተረው ማለቴ ነው፣ «ሂ»ም (እሱ) «ሺ»ም (እሷ) መባል አይፈልግም፣ ትምህርት ቤቱም «ዘይ» እያለ ነው የሚጠራው አለችኝ።

«ልጁ» አልኩ ይኸው። ወንድ አደረግኩት። ሌላ ምን ልበል?

አሁን ይህንን ለእናትየዋ ንገሩ እስቲ። «ጠየቀ» ካልኩ ወንድ ነው። «ጠየቀች» ካልኩ ሴት ናት። መሀል ላይ ምንም የለም። «ይቅርታ ተጠይቋል» ብል የቀበሌ ማስታወቂያ ይመስላል፤ ደግሞ ማን እንደጠየቀ አይታወቅም። «እሳቸው ይቅርታ ጠይቀዋል» የሚል ብልጭ አለብኝ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ ያውም የሰው ልጅ ገፍትሮ፣ አንቱ ሊባል! ሳቄን ዋጥኩት። በመጨረሻ የአማካሪዋን ማብራሪያ እንዳለ አስተላለፍኩ፦ አንድ ተማሪ ነው፣ ሲጠራ ወንድም ሴትም አይባልም፣ በእንግሊዝኛ እንዲህ ሲሆን የብዙ ሰው መጠሪያ ለአንድ ሰው ይውላል።

እናትየዋ ትንሽ አሰበች። «እሺ። ግን አንድ ነው፣ አይደል?»

«አንድ ነው» ተባለች።

«በቃ» አለች። ቁልፉ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሰማሁት።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን «እሳቸው» ከጭንቅላቴ አልወጣም አለ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቡናዬን እየጠጣሁ ሳስበው ቀልድ አይደለም። «ቤታቸው» ስንል የብዙ ሰዎች ቤት ነው፣ የአንድ ትልቅ ሰውም ቤት ነው። «ሄዱ» ብዙዎች ሄዱ ነው፣ አባባም ሄዱ ነው። ወንድ አያቴ እሳቸው ናቸው፣ ሴት አያቴም እሳቸው ናቸው። ፈረንጆቹ «የብዙ መጠሪያ እንዴት ለአንድ ሰው ይሆናል?» ብለው ሲጨቃጨቁ እኛ ስንት ዘመን ስናደርገው ኖረናል። «አባታችን መጡ» ስንል አባታችን ስንት ናቸው ብሎ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም።

ሣህለወርቅ ዘውዴ በ2011 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ዜናው «ፕሬዚዳንቷ ተናገሩ» ይል ነበር። ልብ በሉ፤ ስሙ ላይ ሴት ናቸው፣ ግሱ ላይ ብዙ ናቸው። ማንም ግራ አልገባውም። ሕገ መንግሥታችን ራሱ የጾታ ነገር አስጨንቆት አንቀጽ 7 ላይ፣ በወንድ የተጻፈው ለሴትም ይሠራል ብሎ ነው የተገላገለው።

እንግሊዝኛውም ቢሆን ከዚህ ነገር ንጹሕ አይደለም። ዛሬ ለሁሉም የሚሉት «ዩ» ድሮ የብዙ ነበር፤ ለአንድ ሰው «ዛው» ይባል ነበር። አክብሮት እየሰፋ፣ እየሰፋ ሄዶ «ዛው»ን ከቤት አስወጣው። ሜሪያም ዌብስተር የተባለው መዝገበ ቃላት በ2019 እ.ኤ.አ. የዓመቱ ቃል ብሎ «ዘይ»ን ሲመርጥ አዲስ ነገር የመጣ መስሎኝ ነበር። ለካ ለአንድ ሰው «ዘይ» ማለት በእንግሊዝኛ መቶዎች ዓመታት ያስቆጠረ ነው፤ ማን እንደሆነ ላልታወቀ ሰው ሁሌም ይሉት ነበር። አዲሱ፣ ፊት ለፊት ላለ፣ ስሙ ለሚታወቅ ሰው መሆኑ ነው።

የሥራ ባልደረቦቼን ጠየቅኩ። የትግርኛዋ አስተርጓሚ ሳቀችብኝ። «ነጠላው ላይ ብቻ ነው የምትጨነቁት፣ እናንተ ተዝናኑ» አለች። እነሱ ብዙ ቁጥሩም ይለያል፤ ለወንዶች «ንሳቶም»፣ ለሴቶች «ንሳተን»። አንቱታውም እንደዚያው በጾታ የተከፈለ ነው። ግእዝም «አንትሙ» እና «አንትን» እያለ ይለይ ነበር፤ አማርኛ «እናንተ» ብሎ ጨፈለቀው፣ በዚህም ያዘነ ሰው የለም። ኦሮምኛ የሚያስተረጉመው ደግሞ «አቲ» ካለ ወንድም ሴትም አልፏል፤ እሱ የሚቸገረው ሌላ ሰው ሲወራ ነው።

ከእንግሊዝኛው ግን የእኛ ችግር የባሰ ነው ባይ ነኝ። እንግሊዝኛ የሚያጣላው ስለ ሰው ሲወራ ነው፤ ሰውየው ፊት ለፊት ካለ «ዩ» ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኛ «በላህ?» ወይም «በላሽ?» ሳንል ምሳ እንኳ መጋበዝ አንችልም። እኔ ስልክ ላይ ድምፁ የወፈረ ሁሉ ወንድ፣ የቀጠነ ሁሉ ሴት አለመሆኑን ስለማውቅ ሁሉንም «እርስዎ» እላለሁ። ባንኮችም ያውቁበታል፤ «ውድ ደንበኛችን፣ እባክዎ» የሚለው መልእክት ሁሉ በአክብሮት ብቻ የመጣ እንዳይመስላችሁ።

በነገራችን ላይ «እኔ» ጾታ የለውም። እስካሁን ይህን ሁሉ ስታነቡ እኔ ወንድ ልሁን ሴት ከአማርኛዬ አልታወቃችሁም። የሚያሳብቀን ሌላ ሰው ሲጠራን ነው።

ፋሲካ ሲደርስ ወሬው ቤታችን ገባ። የወንድሜ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ናት፤ አብሯት የሚኖረውን ጓደኛዋን ለበዓል ልትጋብዝ ነው። «ዘይ ነው የሚባለው» አለች ቀድማ። (አሁንም «አብሯት የሚኖረው» አልኩ። አያችሁ?) ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ተናደደ። «ቋንቋ በሰው ፍላጎት አይለወጥም። ለአንድ ሰው እነሱ! ነገ ስንት ሰሐን ላቅርብ?» እሷ ደግሞ «ምን ችግር አለው፣ እነሱ ማለት ነው፣ በቃ» ትላለች። የእሷ አማርኛ አያቷን «አንተ ና» የሚል አማርኛ ስለሆነ ለእሷ ሁሉም ቀላል ነው።

እኔ ከሁለቱም ጋር አልተስማማሁም። ወንድሜን፣ አንተ ራስህ ቄሱን «መጡ» ትላለህ፣ ቄሱ ስንት ናቸው? አልኩት። እሷን ደግሞ፣ «እነሱ» ካልሽ እውነትም ብዙ ሰው ነው የሚሰማን፤ ቁልፍ ያነሳችውን እናት ብታዪያት አልኳት። «እሳቸው» ነው የሚሻለው። ልጅቷ በሳቅ ፍርፍር አለች፦ «የሃያ ዓመት ጓደኛዬን እንደ አባ ነፍሴ?» እንደሱ ነው እንግዲህ። አንቱታን ለሽበትና ለሹመት ብቻ አስረን ስላስቀመጥነው ነው የሚያስቀው። ወንድሜም «አንቱ የተባለ ሰው ማለት ትርጉሙ ሊጠፋ ነው» አለ። እዚህ ላይ ትንሽ እውነት አለው፤ መልስ አልነበረኝም።

እንግዳው መጣ። ጸጉሩ አጭር፣ ጆሮው ላይ ሎቲ፣ ጨዋ። ጫማ ደጃፍ ላይ አውልቆ ገባ፤ እኛ እንኳን ረስተነዋል። ወንድሜ የበዓል አባወራ ነው፤ እንግዳ ሳያጎርስ አይቀመጥም። ከዶሮው ወጥ ጠቀለለ፣ እንቁላል ጨመረበት፣ እጁን ዘረጋ። «እን—» ብሎ ቆመ። «እንካ» ሊል ነው ወይስ «እንኪ»? መረቁ በእጅ አንጓው ላይ መውረድ ጀመረ። የወንድሜ ልጅ ትንፋሿን ይዛ ታየዋለች። አማርኛ የማያውቀው እንግዳ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።

«እንኩ» አለ ወንድሜ። «እንኩ፣ ይብሉ።»

እንግዳው ጎረሰ። ጉንጩ ተወጠረ። ወንድሜ እጁን እየጠረገ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «እንግዳ ስለሆኑ ነው» አለ። «እንግዳ ድሮም አንቱ ነው የሚባለው።» ሁለተኛውን መጠቅለል ጀመረ። ከዚያ ዞር ብሎ አፈጠጠብኝ።

«አንቺ ደግሞ ምን ያስቅሻል?»